ዋርካ፣ እዚህ ሾላ

መርሳ ነው የምኖር። ስሟን ማን እንዳወጣ
አላውቅም፤ ለእኔ ግን መርሳቱ አልመጣ።
ከብርቱካን ተራ፣ ከጠባቧ ሱቄ
ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ ሽቦ አጥብቄ።

«ስንት ሰው ገደልህ፣ ጋሽ ይመር?» ይሉኛል
የሰፈሩ ልጆች፤ መልሱ ያንቀኛል።
እኔ መስመረኛ፣ ጥቅል ሽቦ አዝዬ፣
ፔንሳ በወገቤ፣ ክላሽ በትከሻዬ፣
ከሻለቃው ድንኳን እስከ ጋራው ጫፍ
ቃል የምዘረጋ ከአፍ እስከ አፍ።

ታች ያለው «ሾላ» ነው፣ ላይ ያለው «ዋርካ»፤
መድፍ የቆረጠውን ዛፍ በስም ስንተካ።
ዋርካ ላይ ቱፋ ነው ስልኩን የሚጠብቅ፤
የአርሲ ልጅ፣ በወሬ መሀል የሚስቅ፤
ሌሊት ያለ ትእዛዝ መዘውር አዙሮ፦
«ሾላ፣ ተኛህ እንዴ? እዚህ ብርዱ መሮ
እግሬ የእኔ አይመስለኝ። ንገረኝ ወሬ፤
ስለ ምንም ይሁን። ስለ እናትህ በሬ።»

«ዳለቻ ነው» አልኩት፣ «አንድ ቀንዱ ጎባጣ፤
ሲጠምዱት ይተኛል፣ ሲፈቱት ነው የሚቆጣ።»
ሳቀ። በሽቦ ውስጥ የሚመጣ ሳቅ
ቀጭን ነው፤ ጆሮ ላይ እንደ ቆርቆሮ የሚፋቅ።

ምሽጉ ውስጥ አስራ አንድ ናቸው፤ ብርድ ልብሱ አራት፤
በክብሪት ዕጣ ነው። አጭር የደረሰው ለት
ቱፋ ክላሹን አቅፎ «ሚስቴ ቀዘቀዘች» ይለኛል፤
በወዲህኛው ጫፍ እኔን ሳቅ ያፍነኛል።

መጋቢት ነው መሰል፤ ቀኑ ጠፍቶብኛል፤
ከሦስት ቀን ኮቾሮ ድዴ ደምቶብኛል።
ሲመሽ ሽቦው ሞተ። ሻምበሉ፣ «ተነስ ይመር፤
‹ውረዱ› የሚል ቃል አለ፤ ሳይነጋ ይሻገር።»

ሽቦ በጨለማ በዓይን አይፈለግም፤
በመዳፍ ይዘኸው ትሄዳለህ፣ አትለቅም።
እሾኽ ይቧጭርሃል፣ ድንጋይ ይጥልሃል፣
ጫፉ ሲያልቅ ብቻ እጅህ ይነግርሃል።

አለቀ።
ዳሰስኩት። መድፍ የበጠሰው
ጫፉ ይበተናል፤ ይሄን ግን የቆረጠው ሰው።
ሃያ ክንድ ጎድሏል። ከአገዳው ክምር ጀርባ
ጭላንጭል ይታያል። ክላሼን አቀባብዬ ስገባ
ሴት ናት። ብቻዋን። መድፉ ያናጋውን ማገር
በእኔ ሽቦ ጠፍራ ከምሰሶው ጋር ስታስር።

«ጅብ ልጄን እንዳይወስድ» አለች። አልሸሸችም።
እጇን ወደ ላይ አላነሳችም።
የአፌን ደም በኩራዝ አይታው ነው መሰል
«አብሽር፣ ተቀመጥ» አለች፤ የባቄላ ንፍሮ፣ በቅል።

ልጆች ሆይ፣ ታሪኬ እዚህ ላይ ነው ያለው።
ተቀመጥኩ። አንድ እፍኝ። ደግሞ አንድ። ጨው አለው።
ሕፃኑ ተኝቷል፤ እሳቱ ይንጣጣል፤
እኔ አኝካለሁ። ቱፋ መዘውር ያዞራል።
ያዞራል።

ሽቦውን አልቀማኋትም። ከጥቅሌ ቀጥዬ፣ በጥርሴ ልጬ ቋጠርኩ፤
«ዋርካ፣ እዚህ ሾላ!» ጠራሁ። ጠራሁ። ጠበቅኩ።
ጋራው አናት ላይ ብልጭታው ቀደመ፤
ድምፁ ኋላ መጣ። ሽቦው እጄ ውስጥ ታመመ።

ሲነጋ ከአስራ አንዱ አንድም አልወረደ፤
አላውቅም አራቱን ብርድ ልብስ ማን እንደ ወሰደ።
«መድፍ ነው የበጠሰው» አልኩት ሻምበሉን በኋላ፤
ከቋጠርኩት ሁሉ ያ ነው እስከ ዛሬ ያልላላ።

ከድጃ አርጅታለች። ብርቱካን ትሸጣለች፤
«ሬዲዮኔ ታመመ» ብላ ትመጣለች።
ታውቀኝ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤
ብርቱካን ትታ ትሄዳለች፤ ሒሳብ አልቀበላትም።
ብርቱካኑን ለልጆች ነው የምሰጠው።

ሽቦው ደጇ ላይ ነው፣ ልብስ ይሰጣበታል፤
የልጅ ልጇ ዩኒፎርም ክንዱን ዘርግቶበታል፤
ማታ ከአምባሰል ነፋስ ሲወርድ ይጮኻል፤
ቀጭን ነው። ቆርቆሮ ሲፋቅ ይመስላል።

«ዋርካ፣ ሰማህ?» እላለሁ፣ አጥሯ ሥር ቆሜ፣ ፊቴን አዙሬ፣
«በዚያው ክረምት ነው የተሸጠው፣ የእናቴ በሬ።»